በነጩ መኪና ላይ የፈተግሁት አመድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም፤ ለምን እንዳልነገርኳቸው ትደርሱበታላችሁ። እናንተ ስሙኝ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ለማለት ግን አትቸኩሉ።

መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ከተማ ላይ ከተፈራ ጋር መኪና አጥብ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የከተማችን ነጋዴ አዲሷን ነጭ መኪናቸውን ከመርሐቤቴ ቆላ ነድተው አመጡልን። በማግስቱ የልጃቸው ሠርግ ነው፤ ሙሽራ የምትጭነው እሷ ናት። ኮፈኗ ላይ የቆላ ነፍሳት ተጨፍልቀው፣ ፀሐይ አድርቋቸው፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቀዋል። ተፈራ ጨርቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ አለበሰው። «እስኪርስ ተወው፤ በጥፍርህም እንዳትነካው» ብሎኝ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዝ ወረደ።

ተውኩት? አልተውኩትም። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ በዚያ ላይ የእሱ አዛዥነት መሮኝ ነበር። የጠቆረ ድስት በምን እንደሚለቅ ከመንዝ ሰው ማን ያጣዋል? ከጎረቤት ጠላ ቤት ምድጃ አመድ ዘገንኩና በገለባ ፈተግሁት። እኔ ነኝ የፈተግሁት። ነፍሳቱ ለቀቁ፤ የቀለሙ ወዝም አብሯቸው ሄደ። አመዱን በውሃ አጠብኩ፣ ጨርቁን እንደነበረ መልሼ አለበስኩት።

ተፈራ ተመልሶ ጨርቁን ሲገልጥ ኮፈኑ ተጫጭሯል። ጨርቁን አራገፈው፣ በጣቱ ዳበሰው። «አሸዋ ይዞ ነበር መሰለኝ» አለ።

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

ጋሽ ደምሴ በልጃቸው ሠርግ ቀን አፈሩ፣ ተቆጡ። ሽማግሌ ገባ። እንደ አገራችን ወግ ተፈራ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይማሩኝ» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነፍስ አባቴ ነበሩ። እኔም ከዳር ቆሜ «ይማሩት ጋሼ» ብዬ ለመንኩለት። በየትኛው አፌ? ለነፍስ አባቴ ብናዘዝ ያንን ድንጋይ እኔን ያሸክሙኛል። ትክክልም ናቸው። የሸሸኋቸው ለዚህ ነው።

ተፈራ ከዚያ ወዲያ መኪና አልነካም። ደንበኛ ቢለምነውም «እጄን አላምነውም» አለ። ዛሬ ቀየት የሚባል አገር ሄዶ የሰው መሬት በእኩል፣ ምርቱን ከባለመሬቱ እየተካፈለ ያርሳል። እኔ በእሱ ቦታ ላይ ነኝ። ነፍሳት የተጣበቀበት መኪና ሲመጣ ጨርቅ ነክሬ አለብሳለሁ፣ እስኪርስ እጠብቃለሁ፤ ሰዉም እጄን ያመሰግናል።

አንድ ኮፈን ነው፣ ምን ታካብዳለህ የሚለኝ ካለ ዝም ይበል። ኮፈኑማ ተቀባ። ልጅ ነበርክም አትበሉኝ፤ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ አመዱን የዘገነው ሰይጣን አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ተፈራን አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። «ያን ጊዜ አንተ ባትለምንልኝ ጋሽ ደምሴ አይምሩኝም ነበር፤ ውለታህን አልረሳውም» አለኝ።

«ምን ውለታ አለው» አልኩት።

ይቅርታ አልለምናችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።