ዜልማ የበላችው ቁርስ

ከዶሮ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር አንድ ሰሌዳ ቆሟል። «የሆሊስ እንቁላል፦ ጠፈር የደረሰ!» ይላል። ጨዋማው ነፋስ ቀለሙን እየላጠው አስቸግሮኛል፤ ባረጀ ቁጥር የማድሰው እኔ ነኝ፣ መሰላሉን የምትይዝልኝ ደግሞ ሚስቴ ዜልማ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሰላሉን ይዛ፣ ቀና ብላ እያየችኝ፣ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። የዜልማን ሆድ ስፋት ከዚህ መገመት ይቻላል።

የተዋወቅነው በእንቁላል ነው። ኬፕ ካናቬራል ያን ጊዜ ገና ቁጥቋጦና ትንኝ ነበር። ከቁጥቋጦው መሀል ግን ሮኬት የሚተኮስባቸው ረጃጅም የብረት ማማዎች በቅለዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ሲነሳ እግራቸው ተሸፍኖ አናታቸው ብቻ ይታያል፣ ምድር ያልነኩ ይመስላሉ። ጠፈርተኞቹ ከመብረራቸው በፊት የሚያርፉበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዜልማ ታበስላለች፤ እኔ ከሚምስ መንደር በፒክአፕ መኪናዬ እንቁላል አመጣላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን እንቁላል አንስታ መብራት ላይ ያዘችው።

«የመቼ ነው?» አለችኝ።

«የዛሬ ጠዋት ነው፣ እመቤቴ።»

«ማን ነገረህ? ዶሮዋ?»

እኔ እንደሆንኩ የሚያሾፍብኝ ሰው እወዳለሁ። በማግስቱ ፂሜን ተላጭቼ መጣሁ።

ዜልማ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ ዌይድ የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባ ነበረው። አንድ ማታ በማይረባ ነገር ተጨቃጨቁ፤ ጠዋት ያቀረበችለትን ቁርስ ሳይነካ ወጣ። አኩርፏል ብላ ሳህኑን እያንኳኳች አጠበች። ለካስ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ሲያነደው አድሯል፤ አብረውት የነበሩት ሰዎች ኋላ እንደነገሯት፣ ጀልባው ላይ ሲንገዳገድ ቆይቶ ነው ባሕር ውስጥ የወደቀው። «አመመህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዜልማ ከሰው ፊት በፊት የሰው ሳህን ነው የምታየው።

የጠፈርተኛ ቁርስ ደግሞ ዝም ብሎ ቁርስ አይደለም። በጠፈር ልብስ ውስጥ ታጭቆ የሚሄድ ሰው መጸዳጃ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ከመብረሩ በፊት ለተወሰኑ ቀናት ባቄላ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ገንፎ፣ እኛ እዚህ አገር ያደግንበት ምግብ ሁሉ ይከለከላል፤ የብርቱካን ጭማቂው እንኳ ተጣርቶ ነው የሚቀርብለት። በመብረሪያው ዕለት ጎህ ሳይቀድ የሚቀርብለት ምግብ አንድ ነው፦ በቀጭን የአሳማ ሥጋ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋ ስቴክ፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዳቦ። ተጠባባቂው አብራሪም አለቆቹም ያንኑ ይበላሉ፣ ፎቶ አንሺዎች ይከቧቸዋል። ሲያበቃ ዶክተር ኔስቢት ወጥ ቤት ገብቶ የአብራሪውን ሳህን ያያል። አብራሪው ካልበላ አልበላም ብሎ ይመዘግባል፤ ያልበላ ሰው ደግሞ ለምን እንዳልበላ ሳይታወቅ አይበርም።

ሮይስ ቲለሪ የኦክላሆማ ልጅ ነበር፤ ጆሮው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ። ሁለት ጊዜ ቁርሱን በልቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ልብሱን ለብሶ ወጥቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በደመና ምክንያት ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዱ ሹካውን አንስቶ ለፎቶ ሳቀ። ፎቶ አንሺዎቹ ወጡ፣ አለቆቹም ተነሡ፤ እሱ ግን ሳህኑን በገዛ እጁ ይዞ ወደ ዜልማ ወጥ ቤት መጣ። ስቴኩን አድቅቆ ቆራርጦ ሳህኑ ላይ በትኖታል። እንቁላሉን ከዳቦው ሥር ሸጉጦታል። አንድም ጉርሻ አልበላም።

«ሚስ ዜልማ፣ ይቺን ለውሻ ይጣሉልኝ» አላት።

«እዚህ ቤት ውሻ የለም። ቁጭ በል።»

«ዶክተሩ መጣ እኮ! ካየው ያስቀረኛል። ያ ተጠባባቂው ቁርሱን ጥርግ አድርጎ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ቆሟል።»

«ቁጭ በል አልኩህ እኮ፣ ልጄ!»

ተቀመጠ። የእጇን አንጓ ግንባሩ ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛ ነው። «አሞሃል ወይስ ፈርተሃል? እውነቱን ንገረኝ። ካመመህ አሁኑኑ ነው የምጠራው፤ ዕድሜህን ሙሉ ብትጠላኝም ጥላኝ።»

ሮይስ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ እየፋቀ ቆየ። «ፈርቻለሁ» አላት በመጨረሻ። «መውጣቱን አይደለም፤ እዚያማ ሥራ አለኝ። ይሄን ቁርስ ነው። ሦስተኛ ስንብት ሆነብኝ፣ ሚስ ዜልማ። ሁሉም ሳህኔን ያያል። የራሴን ተስካር የምበላ መሰለኝ።»

ዜልማ መናገር እንዳለባት ታውቃለች። ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳህን የሚያየውም ለሮይስ ብሎ ነው። ከተናገረች ልጁ ይቀራል፣ የለፋባቸው ዓመታት ሁሉ አፈር ይበላሉ። ካልተናገረች ደግሞ እንደ ዌይድ ሁለተኛ ሰው በባዶ ሆዱ ልትሸኝ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ ይሄኛውን ጠይቃዋለች፣ እሱም መልሶላታል። የዶክተሩ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲያንኳኳ ሰማች።

ወንበር ሳበችና ሹካውን ከእጁ ነጥቃ መብላት ጀመረች።

ስቴኩን ሳታላምጥ ትውጠዋለች፣ እንቁላሉን በዳቦ እየዛቀች ታስከትላለች። ሮይስ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ የፎቶው ሳቅ ሳይሆን የእውነቱ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ያንቅዎታል!»

«አንተ ዝም በልና ጭማቂህን ጠጣ!»

ጠጣ። እሷም አፏን በሽርጧ ጠርጋ ብድግ አለች። ዶክተሩ ብቅ ሲል ሮይስ ባዶው ሳህን ፊት ተቀምጦ ዐይኑን እየጠረገ ነበር።

«በላ?» አለ ዶክተሩ።

«ሳህኑን ይዩት፣ ዶክተር።»

«ጎበዝ!» ብሎ የልጁን ትከሻ መታ አድርጎ ይዞት ወጣ።

ይሄን ሁሉ እኔ ምን አውቄ? ያን ዕለት ዜልማ ሥራዋን ጨርሳ ወንዙ ዳር ወዳቆምኩት መኪናዬ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል፤ ልጆች መኪና ጣራ ላይ ወጥተዋል፣ ከየመስኮቱ ያው አንድ ሬዲዮ ይሰማል። ብዙ ቆየን። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ብርሃን ተወለደ። ድምፅ የለውም፤ ብርሃኑ ብቻ ቀስ ብሎ ከውሃው ተነሣ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ወንድሙም ወደ ታች ሄደ። ፔሊካን የሚባሉት የባሕር ወፎች ዝቅ ብለው፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ አለፉ። የሮኬቱ ድምፅ ሲደርስ የመኪናው በር እጄ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ግን እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ ያህል ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። ያን የመሰለ ጠዋት ዳግመኛ አላየሁም።

«አየሽ ዜልማ? እንቁላሎቼ ሄዱ!» አልኳት።

እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሰማዩን ታያለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ጠግቤ ነው» አለችኝ።

እኔ ሞኙ ሳንድዊች አውጥቼ ግማሹን ዘረጋሁላት። ሮይስ ምድርን ሲዞር እሷ ከመኪናው አልወረደችም፣ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ልጁ ባሕር ላይ አርፎ መርከብ ላይ መውጣቱን ሬዲዮው ሲናገር ግን በሩን ከፍታ ወረደች፣ ጎማው ሥር ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለአንድ እንግዳ ልጅ ይሄን ያህል የምታለቅስ ሴት ለእኔም ሳታለቅስ አትቀርም ብዬ በልቤ ለማገባት ወሰንኩ። ሰሌዳውን በዚያው ሳምንት ሠራሁ፣ በሚቀጥለው ጸደይ ተጋባን። ሮይስ ቲለሪም ከጉዞው ሲመለስ ወጥ ቤቷ ገብቶ ቆሞ ሁለት ሳህን ባቄላ በላ ብላ ነግራኝ ነበር፤ ለምን ቆሞ እንደበላ ግን አልጠየቅኩም።

ባለፈው ክረምት ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ዜልማን ወደ ቤት መለሷት። ቀለም ገዝቼ ስገባ አየችኝ።

«ሆሊስ፣ ሰሌዳውን አታድሰው» አለችና ሁሉንም ነገረችኝ።

ተናደድኩ። በእውነት ተናደድኩ! ሠላሳ ዓመት በአደባባይ ውሸታም ስታደርገኝ፣ እኔም መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ! ዶሮ ቤት ገብቼ ከዶሮዎቹ ጋር አኮረፍኩ። ኋላ ግን ስቴክ እየዋጠች ዶክተር ስትጠብቅ ታየችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ተመልሼ «ለመሆኑ እንቁላሎቼ እንዴት ነበሩ?» አልኳት።

«ጨው አንሷቸው ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ ሳበስል ቁጭ ብዬ የበላሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ጠዋት ጠዋት ነርሷ ዶሪን ትመጣለች። ዜልማ መብላት ካቆመች ሆስፒታል መግባቷ ነው፤ እሷ ደግሞ ወንዙን ከሚያየው መስኮት መነሣት አትፈልግም። አንድ ጠዋት እንቁላል ጠብሼ ሰጥቻት ቡናዬን ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ አድቅቃ ቆራርጣ ሳህኑ ላይ በትናዋለች፣ የቀረውን ዳቦው ሥር ሸጉጣለች። «በሞቴ» ብዬ ልለምናት አፌ ላይ መጣ፤ ሞት የሚባለውን ቃል በዚያ ክፍል ማንሣት አስጠላኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «አሞሻል ወይስ ፈርተሻል?» አልኳት።

«ሕመሙንማ ለምጄዋለሁ» አለች። «ሁላችሁም ሳህኔን ታያላችሁ፣ ሆሊስ።»

ውጭ የነርሷ መኪና ጠጠሩ ላይ ሲቆም ተሰማ። ሹካውን ከእጇ ወሰድኩ። እንቁላሉ ቀዝቅዟል፣ ደርቋል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ዋጥኩት። ዜልማ ትራሷ ላይ ሆና እያየችኝ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ በል፣ ያንቅሃል» አለችኝ።

«አንቺ ዝም በይና ጭማቂሽን ጠጪ።»

ጠጣች። ዶሪን በሩን ከፍታ ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እንዴት አደራችሁ? በላች ዛሬ?»

«ሳህኑን እዪው» አልኳት።