ገብስማዋን አውራ ነው ያልኩበት ቀን

ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት መለየት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ይዋሻል ወይ ጫጩት አሳድጎ አያውቅም። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ እችል ነበር። ጉራ አይደለም፤ ወላሂ እችል ነበር። ያስተማሩኝ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እኔም እናቴም እትዬ ነበር የምንላቸው።

ቤታችን ወረታ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው። በፊት በኩል የአባቴ ሱቅ፣ ከኋላ ጓሮ። ከጓሯችን ወዲያ ከተማው ያልቅና የእትዬ ግቢ ይጀምራል፤ ከእሳቸው ወዲያ እስከ ርብ ወንዝ ድረስ ሜዳ ነው። እናቴ አንዲት ዶሮ ነበራት። ነገር ግን አባቴ የሱቁን አይጥ ትያዝ ብሎ ያመጣት ድመት ጫጩት አላስተርፍ አለች። ስለዚህ እናቴ ዶሮዋን ለእትዬ በርቢ ሰጠቻቸው። ዶሮዋ የእኛ፣ ማሳደጉ የእሳቸው፣ ጫጩቱ እኩል ለእኩል ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ እልና እዚያው ነኝ። እትዬ ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጅ አልነበራቸውም። "መጣሽ አንቺ ቀበጥ?" ይሉና የጤፍ ግርድ በእፍኜ ይሰፍሩልኛል። ጫጩቶቹ ትንሽ ጠንከር ሲሉ ትምህርቱ ይጀመራል። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ድንገት በጫጩቶቹ ላይ እንደ ጭልፊት ያንሳፍፉታል። "እይ! እይ! የቆመውን እይ!" ወንዶቹ አንገታቸውን አስግገው ቀጥ ይላሉ፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ልጥፍ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሱ ክንፋቸውን ይዘረጉልኛል። የሴቷ የክንፍ ላባ ቶሎ ይረዝማል። የወንዱ እግር ወፈር ይላል፣ አናቱ ላይ ያለችውም ሥጋ ቀድማ ትቀላለች። "አንዱን ብቻ አይተሽ እንዳትፈርጂ። ክንፉንም፣ እግሩንም፣ አናቱንም እይ" ይሉኝ ነበር። እሳቸው ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ስምንት ተፈልፍለው ሁለቱን ጭልፊት ወሰዳቸው። ከቀሩት ስድስቱ አንዷ ገብስማ ነበረች፤ አመድማና ነጭ የተዥጎረጎረች። እጄን ስዘረጋ ሌሎቹ ይሸሻሉ፣ እሷ ግን መዳፌ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ወደድኳት። ምን ልበል፣ እንደ እብድ ወደድኳት። ነጠላው ሲንሳፈፍ ከሁሉ ቀድማ መሬት ላይ የምትለጠፈው እሷ ስለነበረች ሴት መሆኗን አሳምሬ አውቃለሁ።

ከዚያ ሰፈራ መጣ። ርብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ የእትዬን ማሳ ከነሰብሉ ጠርጎት ነበርና ባለቤታቸው ተመዘገቡ። መተከል ነው ተባለ። ከእጅ ዕቃ በቀር አይያዝም፣ ከብትና ዶሮ አይሳፈርም የሚል ወሬም ነበር። እትዬ ግን መች ሰምተው! "ትልቅ ዶሮ ጮኻ ታሳብቅብኛለች እንጂ፣ በእመቤቴ፣ ነጠላ ስር ያለ ጫጩት ማን ያይብኛል?" አሉ። እንግዲህ ጫጩቶቹን ገና በጥቃቅንነታቸው ለይቶ መካፈል ግድ ሆነ።

እናቴ ርቢውን እርግፍ አድርጋ ትታ ነው የመጣችው። "እትዬ፣ ሴት ሴቱን ሁሉ እርስዎ ይውሰዱ፤ ከወንዱም አንድ ይጨምሩ። ዶሮ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው? በሰው አገር ለጨው ለሳሙናው ምን ሊሸጡ ነው? ለእኛ እናቲቱ አለችልን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "በይ አንቺ ለይልን።"

ሴቶቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱን አንስቼ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀዩን ወንድ ጨመርኩ። ገብስማዋ እጄ ላይ ነበረች።

"ይኼስ?" አለች እናቴ።

"አውራ ነው" አልኩ።

"ሴቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው?"

"ሁለት ብቻ።"

እትዬ እጃቸውን ዘረጉና ሰጠኋቸው። ክንፏን ገለጡ፣ እግሯን ዳበሱ፣ አናቷን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

"እውነቷን ነው፣ አውራ ነው" አሉ። "ለእሷ ይሁን፣ ታሳድገው።" መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጧት።

በማግስቱ ማለዳ በጭነት መኪና ሄዱ። ቅርጫቱ ነጠላቸው ስር ነበር። ጎንበስ ብለው ሲስሙኝ ጫጩቶቹ ከሆዳቸው አካባቢ ጮኹ። "ዝም በሉ እናንተ፣ ልታሲዙኝ ነው?" አሉና ሳቁ። እናቴም እያለቀሰች ሳቀች።

ሁለት ቀን ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ብቻ። በሦስተኛው ቀን፣ አንዷን ጭልፊት፣ አንዷን የፈንግል በሽታ ቢወስድባቸውስ፣ በምን ቤት ሊያቆሙ ነው እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። አይ የልጅ ነገር! ገብስማዋ አውራ እንድትሆን ዱዓ ያዝኩ። ከድመቷ ላድናት እንቅብ እደፋባት ነበርና ጠዋት ጠዋት እንቅቡን ገልጬ አናቷን አያለሁ፤ ቀልቶ ይሆን? አባቴ ሲሰግድ ከኋላው ቆሜ "ያ ረቢ፣ አውራ አድርጋት" እላለሁ። እናቴ ደግሞ የልቤን ሳታውቅ "ይኼ አውራሽ ምነው አይጮህም? ድምፁን ማን ሰረቀው?" እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ቀን አባቴ የጨው ጆንያ ሲያነሳ ከጆንያው ጀርባ እንቁላል አገኘ። ገብስማዋ አጠገቡ ቆማ ታስካካለች። አባቴ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

"ተሳስተሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ" አልኩ። እንግዲህ ሁለተኛ ውሸት መሆኑ ነው።

"አንቺስ እሺ፣ ልጅ ነሽ። እትዬም ተሳሳቱ?"

እንቁላሉን አስይዛኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ሰው ሱቃችን መጣ። ከእትዬ ጋር የሰፈረ ነው፤ ለእናቱ ለቅሶ አስፈቅዶ መጥቶ ነው። ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለድመቷ ሳይቀር የእትዬን ሰላምታ አደረሰ። ከሁለቱ ቄቦች አንዷን አውሬ በላት፣ አንዷ ግን እንቁላል ታቅፋ ትቼአት መጣሁ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "ለልጅቱ ደግሞ የብቻዋ መልእክት አለ። 'ያ አውራ ዶሮዬ እንቁላል ጀመረ ወይ?' ብለህ ጠይቅልኝ ብለውኛል።" ነገሩ ስላልገባው እየሳቀ ነው የነገረኝ።

እዚያው ሱቁ መሐል ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ሮጣ መጣች። እያወቅሁ እንደዋሸሁ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም።

"እሳቸውም እያወቁ ነው የተውልሽ። እኔም እንቁላሉን ያየሁ ዕለት ገብቶኛል" አለች። ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። "በይ አሁን መልሱን አንቺው ንገሪው።"

"ጀምራለች በሏቸው" አልኩት ሰውየውን። "ርቢ ናት፣ ግማሹ የእርስዎ ነው ብላለች በሏቸው።"

መልእክቴ ይድረሳቸው አይድረሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እትዬን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ገብስማዋ ግን አራት ጊዜ ፈልፍላለች። በፈለፈለች ቁጥር የእናቴን ነጠላ በጫጩቶቹ ላይ እያንሳፈፍኩ ግማሹን ለእትዬ እለይ ነበር። የምለይላቸውም ሴት ሴቱን ነበር።