የሽሮዬ ካሎሪና የጋሽ ይመር በቅሎ

ይህ የሆነው አምና፣ የታናሽ እህቴ የዘይነብ ኒካህ ሊታሰር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ሰው የብስኩት ማሸጊያ ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ሲያነብ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ እናደዳለሁ፤ ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰይድ እባላለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ ትንንሽ ብሎን መፍታት ነው። በዚህ ላይ ምግብ እወዳለሁ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ሆኜ ስገኝ ግን ማንም አልወቀሰኝም። እኛ ዘንድ “ወፈርክ” ማለት “ተመቸህ” ማለት ስለሆነ እንዲያውም ይመርቁኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ከከላላ ወዲያ፣ ገደሉ ሥር ባለ መንደር ነው። መኪና ከላላ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። እናቴ እየወጣች ስለምትጠይቀኝ እኔ ከወረድኩ ቆይቻለሁ። አሁን ግን መቅረት አይቻልም። አባታችን ስለሞተ የዘይነብ ወሊ እኔ ነኝ፤ ኒካሁ ሲታሰር በአባቷ ቦታ ተቀምጦ፣ የሙሽራውን እጅ ይዞ “ሰጥቼሃለሁ” የሚለው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ጉልበቴን ስለሚያመኝ በቅሎ ለመከራየት በገበያ ቀን ከላላ ሄድኩ። በቅሎዋ የጋሽ ይመር ናት። ጋሽ ይመር የእናቴ መንደር ሰው ናቸው፤ በዚያ ቁልቁለት ሙሽራም በሽተኛም የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ሰላም አሉኝ። ከዚያ ዙሪያዬን ዞሩኝ። በሬ እንደሚገዛ ሰው ጎኔን ዳበስ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ወላሂ ሰይድ፣ አትሸከምህም።”

“ኩንታል እህል ትጭን የለም እንዴ ጋሽ ይመር?”

“እህል ዝም ብሎ ይጫናል። አንተ ቁልቁለቱ ላይ ትንፈራገጣለህ፣ ታወራለህ፣ ስልክ ታነሳለህ። አንድ ግልገል ያህል ቀንሰህ ና።”

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም።

አጎቴ አሊ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። አጎቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ በቤታችን አዛዥ መሆን የሚያምረው ሰው ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “አብሽር ልጄ፣ ካልመጣህ እኔ እቀመጥላታለሁ” አለኝ። ደስታው ከፊቱ አልተደበቀም። ማታውኑ ወሬው ዘይነብ ጋ ደረሰና እያለቀሰች ደወለች። “ጋሼ፣ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። አንተ ካልሰጠኸኝ አልሄድም” አለችኝ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? መክሳት ግድ ሆነ።

በማግስቱ ጓደኛዬ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። እንድሪስ እህል ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ትልቅ ሚዛን አለው። ወጣሁበት። ኩንታል ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። እንድሪስ ቁጥሩን አየና “ጤፍ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ደሴ እልክህ ነበር” አለኝ። ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው።

ካሎሪ የሚባለውን ነገር የጀመርኩት በብስኩት ነው። ከሻይ ጋር የምበላው ብስኩት ማሸጊያው ላይ ትንሽ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሯ አንሳ ሳያት ደስ አለኝና አንድ እሽግ የነበረውን ሁለት አደረግሁት። ቆይቶ አንድ ደንበኛዬ መነጽሩን አውልቆ፣ ማሸጊያውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበልኝ። ለካስ ያ ቁጥር የሁለት ፍሬ ብስኩት ነው። እንዲህ ያለውን ቁም ነገር በጉንዳን ፊደል የሚጽፉት እኛን ቢንቁን ነው።

የታሸገ ነገር ይቅርብኝ ብዬ ወደ እትዬ ዘሀራ ምግብ ቤት ዞርኩ። እትዬ ዘሀራ ምሳዬን ከጥንት ጀምሮ የምበላበት ቤት ባለቤት ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ ነው የምትማረው። ያኔ ለእረፍት መጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ከየምግቡ ስም ጎን የካሎሪውን ቁጥር በጠመኔ ጽፋ ነበር። ጥብስ ሰባት መቶ፣ ቅቅል አምስት መቶ፣ ሽሮ አራት መቶ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሰው ካሎሪ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት “ምግቡ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል ነው” ብላ አስረድታ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። ነገሩ የተበላሸው ሰው ከሰማት በኋላ ነው።

በገበያ ቀን ገበሬው እህሉን ሸጦ ይገባል። አንድ የተማረ ሰሌዳውን ያነብለታል። “ኃይል ከሆነማ ብዙውን አምጪ! ወደ አገሬ ዳገት ነው የምወጣው” ይላል። አምስት መቶውን ቅቅል ማን ይንካው? እትዬ ዘሀራ ሁለት ገበያ ታገሡና አንድ ጠዋት ቅቅሉን ስምንት መቶ አደረጉት። ጥብሱ ተቀየመ መሰለኝ እሱም ዘጠኝ መቶ ገባ። ይህን ያየ ከመንገዱ ማዶ ያለ ምግብ ቤት “እዚህ ካሎሪው ይበልጣል” ብሎ በር ላይ ለጠፈ። እትዬ ዘሀራም ዝም አላሉ፤ ጥብሱ ሺህ ተሻገረ። ሥጋው ያው፣ ትሪው ያው ነው።

ያልጨመረች ሽሮ ብቻ ናት። አራት መቶ ሆና ቀረች። በዚያ ሁሉ ውሸት መሃል አንዲት እውነተኛ ቁጥር አገኘሁ ብዬ ያዝኳት። ጥብስ ላይ የማደርሰውን በደል የሚያውቅ ሁሉ “ሽሮ” ብዬ ሳዝዝ ዞሮ ያየኝ ነበር።

አራት መቶውም በዛብኝ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። አንድ ትሪ ለአራት ከተበላ ለአንድ ሰው መቶ ነው የሚደርሰው። ይህን የመሰለ ቀላል ስሌት ሐኪሞች እንዴት ሳያገኙት ቀሩ ብዬ ተገረምኩ። ሽሮዬ ሲቀርብ በር በሩን እያየሁ “ኑ እንብላ!” ማለት ጀመርኩ። በአፌ ብቻ አይደለም፤ እጅጌ ይዤ እጎትታለሁ። መምህሩን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም ወረዳ የመጣውን እንግዳ ሁሉ አስቀመጥኩ። “ማሻአላህ፣ ሰይድ ደግ ሆነ” ተባለ። እኔ በልቤ አራት ላይ እያካፈልኩ ነው።

ተጋባዥ እንዴት እንደሚበላ ደግሞ ይታወቃል። ለይሉኝታ ሁለት ጊዜ ቆርሶ “አልሐምዱሊላህ” ይልና እጁን ይሰበስባል። ከመሰብሰቡ በፊት ጋባዡን ማጉረስ አለበት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ያስከትላል። እምቢ ስል “ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው” እያሉ አስጨነቁኝ። በሰው እጅ የገባውን አልቆጥርም ነበር፤ እኔ አላዘዝኩትማ! የተረፈውንም ትሪ እንዳይደፋ እኔው እጠርገዋለሁ። ስሌቴ ግን መቶ ነው።

ሽሮው ደግሞ በየቀኑ እየጣፈጠኝ ሄደ። ጣቴን እስከምልስ ድረስ ጣፈጠኝ። ስለራበኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ መክሳት ማለት እንዲህ ከሆነ ቶሎ ባለመጀመሬ ተቆጨሁ።

ኒካሁ ሲቃረብ ደረቴን ነፍቼ እንድሪስ መጋዘን ገባሁ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። እንድሪስ ቁጥሩን አየና ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ኩንታል አልፌያለሁ። ግልገል ቀንስ የተባልኩት ሰው ግልገል ጨምሬ መጣሁ!

ባዶ እግሬን መሆኔን ረስቼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቀጥታ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። እንድሪስ እየሳቀ ተከተለኝ። ቤቱ በተመጋቢ ሞልቷል።

“እትዬ ዘሀራ፣ በአላህ እውነቱን ይንገሩኝ። የእኔ ሽሮ በምን ይሠራል?”

ማማሰያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። “ለሌላው ሰው በውሃ። ላንተ በቅልጥም መረቅ” አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። “ከላይ አንድ ጭልፋ ቅቤ አለው። እንጀራውንም ከሥር እደርብልሃለሁ።”

“ለምን?”

“ለምን ይላል እንዴ! ሥጋ በል የነበርክ ሰው ድንገት ሽሮ ብቻ ስታዝዝ ቸገረው ብዬ ነዋ። እንዲያም ሆኖ ብቻህን አትበላም፣ አላፊ አግዳሚውን ትጠራለህ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው እያየሁት ይክሳብኝ?”

“ሰሌዳው ላይ እኮ አራት መቶ ይላል!”

“እሱ ለደንበኛ ነው የተጻፈው። አንተ ደንበኛ ነህ እንዴ?”

ተመጋቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። የበቅሎውንም፣ የአጎቴንም፣ የዘይነብን ለቅሶም እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። እትዬ ዘሀራ ሲሰሙ ደነገጡ። ይቅርታ ሲጠይቁኝ ደግሞ ምን ሰጡኝ መሰላችሁ? “ለሙሽራዋ ነው” ብለው አንድ ባልዲ ሙሉ ቅቤ!

በቀረኝ ጊዜ ግልገል ቀርቶ ጫጩት የምቀንስበት ፋታ አልነበረም። የኒካሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ ከላላ ስደርስ ጋሽ ይመር በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል። እኔን አዩ፤ ባልዲውን አዩ።

“ቅቤው ይጫናል” አሉ። “አንተ ከኋላ ተከተል።”

ተከተልኩ። በቅሎዋ ቅቤውን ተሸክማ ሽር ብትን ትላለች፤ እኔ ዱላዬን ይዤ ቁልቁለቱን እየተንገዳገድኩ እወርዳለሁ። ውሃ የቀዱ ሴቶች አለፉኝ። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ አለፉኝ። ያገኘሁትን ሁሉ “ብዙ ይቀራል?” ስል “ኧረ ደርሰሃል፣ ከዚህች ጉብታ ወዲያ ነው” ይሉኛል። ጉብታውን ሳልፍ ሌላ ጉብታ አለ። የአገሬ ሰው የመንገድ ርዝመትም እንደ እትዬ ዘሀራ ሰሌዳ ነው የሚናገረው። አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ ብል አላፍርም። ዘይነብ በሕፃንነቷ ይህንኑ መንገድ በእኔ ጀርባ ታዝላ ነው የወጣችው። ያን ሳስብ ተነሣሁ።

የግቢያችን አጥር ጋ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። አጎቴ አሊ ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ በእኔ ቦታ ተቀምጧል። ሼሁ ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ነው። ትንፋሼ አልበቃ ቢለኝም “መጥቻለሁ!” ብዬ ጮህኩ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ የመጀመሪያዋ እልልታ የማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ሙሽሪት እንዲህ አትጮኽም፤ ዘይነብ ግን ጮኸች። አጎቴ ቦታውን ለቀቀልኝ። የሙሽራውን እጅ በላብ በራሰ እጄ ይዤ እህቴን ሰጠሁ።

ኒካሁ ታስሮ ዱዓው እንዳበቃ እናቴ መጣች። አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ራቅ ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ።

“ምነው ልጄ! እንዴት እንዲህ ከሳህብኝ?”

እኔ እየሳቀችብኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ከልቧ ነው። ክንዴን እየዳበሰች “አጥንት ብቻ ቀርቶ የለም እንዴ? እስቲ እዩት!” እያለች ለድንኳኑ ሁሉ አሳየችኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሙሽሪትን እናት በልጇ ሰርግ ቀን ማን ይቃወማል? አጎቴ እንኳ “አዎ፣ ጠቆር ከሳ ብሏል” አለ።

“ይህን ልጅ በእግሩ ነው ያመጣችሁት?” አለች ወደ ጋሽ ይመር ዞራ። “ሲመለስ በበቅሎዋ ነው የሚሄደው!”

ጋሽ ይመር እኔን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው “እውነትዎን ነው፣ በጣም ከስቷል” አሉ። ያን ሁሉ የሰርግ ምግብ ከበላሁ በኋላ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ከብጄ በማላውቅበት ቀን፣ በበቅሎዋ ተጭኜ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሽ ይመር ከላላ እስክንደርስ አላናገሩኝም።

ዛሬም ለጉልበቴ ስል ለመቀነስ እየሞከርኩ ነው፤ ማታ ማታ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እትዬ ዘሀራም በአላህ ምለው ሽሮዬን በውሃ ይሠሩልኛል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ግን ማንበብ ትቻለሁ። እንድሪስ ሚዛኑ ላይ አውጥቶኝ “ኧረ አንተ ሰው፣ ምንም አልቀነስክም” ሲለኝ ድሮ እናደድ ነበር። አሁን ስልኬን አወጣና እናቴ ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማዋለሁ። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ነው “ልጄ፣ ድምፅህ ራሱ ከስቷል” የምትለኝ።