የሦስተኛዋ ካንዴላ ስንጥቅ

አባታችን ሲሞት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አንድ የችግኝ ቦታና አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ትቶልን ሄደ። ችግኙን እኔ ያዝኩ፤ ወንድሜ ጭቃ መንካት አይወድም። ፒክአፑን ግን ሁለታችንም እንፈልገዋለን። እኔ አፈርና ፍግ አመላልስበታለሁ፣ ችግኝ ለደንበኛ አደርስበታለሁ። እሱ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ አሸዋና ብሎኬት እየጫነ ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች ያቀርባል። የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳምንቱን ለሁለት ከፈሉልን፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የእኔ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የእሱ።

እኔና ወንድሜ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን አንነጋገርም ነበር ማለት ይቻላል። ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ያነሳና ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ያያል፤ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ከዚያ እኔ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚስቱ፣ «ሴትዮዋ ደግሞ ምን አድርጋው እንደሆነ እንይ» ይላል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። እኔም በበኩሌ ሰኞ ጠዋት ጋቢናው ውስጥ የቀረውን የሲሚንቶ ብናኝ ጠርጌ የቤቱ በር ደፍ ላይ እደፋለታለሁ። ሚስቱ ትጠርገዋለች። እሷን ሳያት አፍራለሁ፤ ግን አልተውኩም።

ባለፈው ክረምት መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ አስቸገረ። ካንዴላዎቹ አርጅተው ነበር። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ የገባውን ቤንዚን በብልጭታ የምታቀጣጥል፣ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። የእኛ ሞተር አራት አለው። ወንድሜን እንቀይራቸው ስለው፣ «በእኔ ቀን ይነሳል። በአንቺ ቀን ካልተነሳ ችግሩ አንቺ ጋር ነው» አለኝ።

በንዴት ሄጄ አራት አዲስ ካንዴላ ገዛሁና ግቢ ውስጥ ራሴ ቀየርኳቸው። አባቴ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ከባድ ነገር አልመሰለኝም። ሦስተኛዋን ሳስገባ ከእጄ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። አነሳኋት፣ በቀሚሴ ጠረግኳት፣ አስገባኋት። ከዚያ የመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የቧንቧ ቁራጭ ሰክቼ፣ የወንድሜ ፊት እየታየኝ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኳቸው። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ።

ለጥቂት ወራት ደህና ሠራ። ኅዳር ላይ ጭነት ሲበዛበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሜዳው ይሄዳል፤ ዳገት ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወንድሜ ማርሽ አትችይም አለኝ፤ እኔ ደግሞ ከልኩ በላይ አሸዋ እየጫንክ ገደልከው አልኩት። ምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አላየንም። እኔ ኮፈኑን ብከፍት ጥፋቱ የእኔ ነው የሚባል ይመስለኛል፤ እሱም እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ ደንበኛ የጽድ ችግኝ ጭኜ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። የማርያም ዕለት ስለነበር ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጓዛሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ይቆራርጥ ጀመር። ማርሽ ቀነስኩ። መኪናው ባለበት ሲንገጫገጭ ከኋላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሸተተኝ። ከዚያ ጠፋ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ብረግጠውም ጭነቱ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ተንሸራተትኩ። በመስታወቱ ሰዎቹ ሲበተኑ፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቦዩ ስትዘል አየሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሰዎች ሮጠው ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ቆመ። ማንም አልተነካም።

ለወንድሜ ደወልኩ። ሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለ ገና ሄሎ ሳልለው።

በታክሲ መጣ። ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። ችግኙን መንገድ ዳር አራግፈን ለደንበኛዬ ሰው እንዲልክ ነገርኩት። ጭነቱ ሲቀልለት ሞተሩ እየቆራረጠም ቢሆን ተነሳ። ወንድሜ መሪውን ያዘ፤ ቁልቁለቱን ወርደን ጳውሎስ አካባቢ አባታችን ደንበኛ ወደነበረበት ጋራዥ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው። ከእኛ ይልቅ አባታችንን ይወዱ ነበር፤ ያንን አይደብቁም። ጋራዡ ውስጥም ጭቅጭቃችንን ስንቀጥል እጃቸውን አነሱ።

«ሞተሩን ልሰማ ነው። እናንተን በሌላ ቀን እሰማለሁ።»

ሞተሩን አስነሱና ጓንት አጥልቀው፣ እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ ከካንዴላዎቹ ጋር የተያያዙትን ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀሉ ይመልሱ ጀመር። የመጀመሪያው ሲነቀል ሞተሩ ደከመ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። አራተኛው ሲነቀል እንደገና ደከመ።

«ሦስተኛዋ ሥራ ፈታ ቁጭ ብላለች» አሉ። «ብትነቀልም ባትነቀልም ለሞተሩ አንድ ነው።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቁን። ከዚያ አራቱንም ፈትተው በየተራቸው ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ ጫፋቸው የገብስ ቆሎ ቀለም ይዟል፤ መካኒኩ ጤነኛ ቀለም ነው አሉ። ሦስተኛዋ ግን ጠቁራ በቤንዚን ርሳለች። ዘይት ቢሆን ኖሮ ጣት ላይ እንደሚወፍር፣ ጫፏ ነጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል ማለት እንደሆነ ነገሩን። ጠረጓትና ነጩን ሸክላዋን ወደ ብርሃኑ አዙረው በጥፍራቸው አሳዩን። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

«ይቺ ወድቃለች፤ በጉልበትም ታንቃለች። እሳቱ ጫፏ ላይ ሳይደርስ በስንጥቁ እያመለጠ ነው። ሜዳ ላይ ታታልላለች፣ ዳገት ላይ ታዋርዳለች።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ነህ ያጠበቅካት?»

«እኔ ነክቻቸው አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ይሄ የወንድ ጉልበት ነው። አባትህ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ እህትህን ልትገድላት ነበር።»

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወንድሜን አዩት። እሱ እኔን አየኝ። እኔ ጋዜጣውን አየሁ። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አልከፈትኩም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ለዓመታት የሰማሁትን ዓይነት ቃል አንድ ጊዜ እሱ ሲሰማ ማየት ፈልጌያለሁ።

መካኒኩ በተሰነጠቀችው ቦታ አዲስ ካንዴላ አስገብተው ሸኙን፤ ደስታዬ ግን እቤት እስክንደርስ እንኳ አልቆየም። ረቡዕን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ያቺ ቦይ ውስጥ የዘለለች ሴትዮ ዓይኔ ላይ ትመጣለች። ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ቁልፉን ሲያነሳ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ካንዴላዋን የጣልኳት እኔ ነኝ። ያጠበቅኳቸውም እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«እኔ አልነካሁም። ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርክም?»

«እህቴ ናት ብዬ ሰው ፊት ላጋልጥሽ?» ድምፁን አላነሳም፤ ያ ደግሞ ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራኝ። «አንቺ ግን ዝም ብለሽ አሰደብሽኝ። አሁን ለእኔ ብቻ መንገር ምን ያደርግልኛል? እዚያው ሄደሽ፣ እዚያው ሰው ፊት ተናገሪ።»

ሄድን። ሽማግሌው ሌላ መኪና ሥር ተኝተው ነበር፤ እስኪወጡ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁሉም እየሰሙ ተናገርኩ። መካኒኩ ወንድሜን ይቅርታ አልጠየቁትም፤ እኔንም አላጽናኑኝም። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አንድ አጭር መፍቻ ሰጡኝ።

«አራቱንም ፍቺና መልሰሽ አስገቢ። ልይሽ።»

ገመዱን ስጎትት «ገመዱን ሳይሆን ቆቡን ያዢ» አሉኝ። ልፈታ ስል አስቆሙኝ፤ መጀመሪያ ዙሪያዋ ያለው አቧራ በአየር ይነፋል፣ አለዚያ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የጫፏን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ አስለኩኝ። ስመልሳት በጣቴ ብቻ እንዳዞራት አደረጉኝ፤ ጥርሱ ካልገጠመ ጣት ያውቀዋል፣ መፍቻ ግን አያውቅም አሉ። ቁጭ ካለች በኋላ በመፍቻ ጥቂት ብቻ፣ ለአዲስ ግማሽ ዙር፣ ለነበረችው ከዚያም ያነሰ። «የወደቀች ካንዴላ ደህና ብትመስልም ትጣላለች» ብለው ማክሰኞ ጋዜጣው ላይ የቀረችውን ስንጥቅ ካንዴላ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወሯት።

ወንድሜ እጁን አጣምሮ እስከ መጨረሻው ቆመ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ፣ «ቀስ በይ» አለ። ቀስ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ታርቀናል ብል ውሸት ነው። በየጥቂት ወሩ ካንዴላዎቹን እፈታለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ስህተት ይፈልጋል። ካጣ ይሄዳል። ባለፈው ጊዜ አራቱንም አጎንብሶ አያቸው።

«ሁሉም ጠቁረዋል» አለ። «አየር አንሷቸዋል፤ የአየር ፊልትሮውን እይው።»

ከፍቼ አየሁት። በሲሚንቶ ብናኝ ተደፍኗል።

«የአንተ ሲሚንቶ ነው» አልኩት።

«አራግፊው እንግዲህ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።