ግድግዳው ላይ የቀሩ የተራራ ባቡሮች

አቃቂ ያለው የወላጆቼ ቤት ሊፈርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ከዕቃው ሁሉ አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፖስት ካርዶች። ኮዬ ፈጬ የሚገቡበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ነጭ ነው፤ እሷ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ያስከፋታል።

ካርዶቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ገደል የሚሻገር ድልድይ፣ ግማሹ ዋሻ የገባ ቀይ ባቡር። አባቴ ባቡር ነጂ ሳለ ድሬዳዋ ካለ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ አንድ እያለ ነው የገዛቸው። ልጆች ሳለን፣ ይኼን ቁልቁለት ፍሬን የማያውቅ ሰው አይወርደውም እያለ ይጎርርብን ነበር። በረዶ የለበሰ ተራራ አይቶ እንደማያውቅ እያወቅን ዝም እንለው ነበር።

አሁን ግን ካርዶቹ እንዲነሱ አልፈለገም። መጀመሪያ ይቀደዳሉ አለ፤ ቀጥሎ ደብዝዘዋል አለ፤ በመጨረሻ አኮረፈ። እኔ ነገር ሲንዛዛ አልወድም። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሬ የድልድዩን ካርድ ጠርዝ ማራስ ጀመርኩ። የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ ቀስ እያለ ለቀቀ። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው በአባቴ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ አናቱ ላይ የእናቴ ስም አለ።

አባቴ የሚገባበት ጠፋው። እናቴ ማንበብ አትችልም። በመጨረሻ እንደነገረን፣ ከመንገድ የጻፈላትን ራሱ ሊያነብላት አስቦ፣ ፊቷ ሲሆን እያፈረ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። አንድ ጊዜ ከጉዞ ሲመለስ፣ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን በጋዜጣ ስትለብጥ ዐሥራ ሁለቱንም ሥዕላቸውን ወደ ውጭ አድርጋ አጣብቃቸው አገኘ። አማረ ወይ ብትለው፣ አማረ አላት። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ተናደድኩበት፤ ደግሞም አሳዘነኝ።

"አንብብልኝ" አለችው እናቴ።

መነጽሩን አደረገ። ከሁለት መስመር በኋላ ያለውን ሙጫው በልቶታል። በቃ ብዬ ካርዱን ልቀበለው ስል፣ መነጽሩን አውልቆ በቃሉ ቀጠለ።

"አዋሽ ድልድይ ላይ ስደርስ ጎኔ ያለውን ወንበር አየዋለሁ። አንቺ ብትኖሪ እዚያ ነበር የማስቀምጥሽ። ገደሉን እንዳትፈሪ ቀስ ብዬ እነዳልሽ ነበር።"

እናቴ የቀሩትንም ታስታውሳቸዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሁሉንም አላት።

"እንግዲያው ቁጭ በል" አለችና፣ ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ወደ ቀዩ ባቡር ሄደች።