ቀይ ላም፣ ጥቁር ጥጃ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ላም ያለው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም። ፀጋው እባላለሁ፤ የፈረንጅ ኮርማ ዘር በሞተር ሳይክል ይዤ እየዞርኩ ላም አዳቅላለሁ። ስሙ ግን ይጣፍጣል፤ አንድም ቀን አላረምኳቸው።

እማማ ታንጉት ባላቸው ሲሞቱ የቀረቻቸው አንዲት ቀይ ላም ነበረች። ሚያዝያ 6 ቀን አዳቀልኳት። የላም እርግዝና ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። «ጥምቀትን ደባርቅ ልጄ ዘንድ ልውል ነበር፤ ትወልድብኝ ይሆን?» አሉኝ። ሞተሬ ላይ እንዳለሁ ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩና፣ «ጥር 16 ነው፤ ምን ገዶዎት፣ ይሂዱ!» አልኩ። ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል እንኳ አላልኩም።

ላሟ በጥምቀት ዕለት ብቻዋን አማጠች። ጥጃዋ ትልቅ ነበረች፤ የሚስብላት ሰው አልነበረም። እማማ ሲመለሱ ላሟ ሞታ፣ ጥጃዋ አጠገቧ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ደረሱ።

ተጠርቼ ስሄድ መንደሩ ተሰብስቧል። ጎረቤታቸው ወልደ ሩፋኤል፣ «ዶክተር፣ አምስት ቀን እኮ ተሳሳቱ» አለኝ። አፌ ቀደመኝ።

«ከእኔ በፊት የመንደር ኮርማ አግኝቷት ይሆናላ! እኔ ምን ላድርግ?»

እማማ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! በረቱን ሳልዘጋ ያደርኩበት ቀን ነበር። እኔው ነኝ የገደልኳት!»

ጥጃዋ ግን ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ቦቃ። የመንደሩ ኮርማዎች ሁሉ ቀይ ናቸው። ቀይ ከቀይ ጥቁር አይወልድም፤ ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የተማርነው ይኸን ነው። ጥቁረቷ እኔ ካመጣሁት የጥቁር ፈረንጅ ኮርማ ዘር እንጂ ከየትም አልመጣም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

መንገድ ላይ እንደገና ቆጠርኩ። ጳጉሜ! አምስቷን ቀን ዘልያታለሁ። ቀኑ ጥር 11 ነበር።

በሳምንቱ ለጥጃዋ ጡጦ ገዝቼ ሄድኩ። እማማ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ። «ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፣ ዶክተር። በቸልተኝነቴ ላሜን ገደልኩ ብዬ። በቀን አርባ ስግደት ሰጡኝ።»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጳጉሜንም፣ የቀለሙንም ነገር፣ ውሸቴንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«መሳሳትስ ያለ ነው። እኔን ግን በሰው ፊት ጥፋተኛ አደረግኸኝ፤ በሰው ፊት ትመልሰዋለህ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ይሉኝ ነበር።

እሑድ ሰንበቴው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ዶክተር የሚለኝ የለም። ላም ሳዳቅል ገበሬው ሁሉ «ፀጋው፣ ጳጉሜን ቆጠርሃት?» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ትዝ የሚለኝ ግን የእማማ ጉልበት ነው።