አሥራ አንደኛው ኩርባ

ብስክሌተኞቹ «እትዬ ዶማ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ከተራራው ጫፍ እስከ ግርጌው የሚወርደውን የብስክሌት መንገድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆፈሩት፣ የደለደሉት እሳቸው ናቸው። አዲስ ኩርባ ባወጡ ቁጥር አንድ ጀሪካን ውሃ ያፈሱበትና ቁጭ ብለው ያያሉ። ውሃው አፈሩን ሳይሸረሽር ወደ ጎን ከወረደ ኩርባው አለፈ ማለት ነው። ብስክሌት ላይ ግን ወጥተው አያውቁም፤ «እግር የተሰጠኝ ልራመድበት ነው» ባይ ናቸው።

አንድ ቀን ወጣቱ የመንገዱ ኃላፊ መጣና፣ አሥራ አንደኛው ኩርባ ላይ በየሳምንቱ ሰው እየወደቀ ስለሆነ ከመጪው የብስክሌት ውድድር በፊት ተቆርጦ ይቅና አለ። የእትዬ ዶማ ደም ፈላ። አንድ በጋ ሙሉ የለፉበት ኩርባ ነው፤ ከቀና ደግሞ ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል።

«ኩርባው ምን አደረገ? ፍሬን አያያዝ የማያውቅ ሁሉ እየመጣ ነው እንጂ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ነድተውት ያውቃሉ?»

ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ወረዱ። እሳቸው በነገር የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። በነጋታው ብስክሌት ጠጋኟን ልጃቸውን «አስተምሪኝ» አሏት።

«እማ! በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ?»

«ሃምሳ ሦስት እስኪሞላኝ ልጠብቅ?»

ሦስት ሳምንት ሜዳ ለሜዳ ሲወድቁ ሰነበቱ። ጉልበታቸው ተላላጠ፤ አፋቸው ግን አልደከመም።

በአራተኛው ሳምንት የልጃቸውን ብስክሌት እየገፉ ዳገቱን ሁለት ሰዓት ወጡ። ኃላፊው አስጠርተውት አሥራ አንደኛው ኩርባ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ነፍስ አልቀረላቸውም ነበር፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ግን ፍርሃቱ ለቀቃቸው። በእጃቸው የደለደሉት መሬት ከጎማው ሥር ሲሮጥ ደስታው አላስችል ብሏቸው እልል አሉ። አሥራ አንደኛው ኩርባ ሲደርስ ፍሬኑን በልኩ ያዙ፤ እንደተማሩት ዘንበል አሉ። ብስክሌቷ ቀጥ ብላ ሄዳ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተቻቸው።

ኃላፊው እየሮጠ ደረሰ። እሳቸው ከፀጉራቸው ቅጠል እያራገፉ ይስቃሉ።

«እውነትህን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ይቅና?»

«አይቀናም! የውጪው ጠርዝ ወደ ታች አጋድሏል። ውሃ እንዲወርድ ብዬ ነው ያጋደልኩት። ሰውም አብሮ እንደሚወርድ ከላዩ ሆኜ አላየሁትማ!»

እዚያው ዶማና ቱቦ አስመጡ። ከሰዓቱን ጠርዙን አንድ ክንድ ከፍ አድርገው፣ ለውሃው መውረጃ ቱቦውን ከሥሩ ቀበሩ። ከዚያ ብስክሌቷን ይዘው ዳገቱን ዳግመኛ መግፋት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ይረፉ እንጂ! ነገ ሌላ ሰው ይሞክረዋል» አለ ኃላፊው።

«የሰው ልጅ ከሚወድቅበት እኔ ልውደቅበት።»

አልወደቁም።